የጠፋው ሐብል ደራሲ፦ ጊ ደ ሞፓሳን

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሰው ፈረንሳዊ ነው። ከሞተ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከጻፋቸው አጫጭር ታሪኮች አንዷ ግን ስለ ብድር፣ ስለ ይሉኝታና ስለ ድብቅ ዕዳ ስለሆነች፣ የማኅበራችንን የብድር መዝገብ የምንይዝ እኛ ከሌላው የበለጠ እንወዳታለን። ደራሲው ጊ ደ ሞፓሳን ይባላል።

ሞፓሳን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1850 በሰሜን ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ በሚባል የገበሬና የዓሣ አጥማጅ አገር ነው። እናቱ ሎር ከአባቱ ጋር አልተስማሙም። ልጁ ገና ሳያድግ ሎር ከባሏ ተለየች፤ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿንም ይዛ ኤትረታ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ኖረች። በዚያ ዘመን ባሏን ትታ ለብቻዋ የምትኖር ሴት ስሟ በክፉ ይነሣ ነበር። ሎር ግን መጽሐፍ የምትወድ፣ ቆራጥ ሴት ነበረች። ልጇ የመጻፍ ዝንባሌ እንዳለው ስታይ ከልጅነቷ ጀምሮ ወደምታውቀው ታላቅ ደራሲ፣ ወደ ጉስታቭ ፍሎቤር መራችው። ልጆቻችሁን ብቻችሁን የምታሳድጉ እኅቶች፣ የዚህ ደራሲ ታሪክ ከእናቱ እንደሚጀምር ልብ በሉልን።

እ.ኤ.አ. በ1870 ፈረንሳይ ከፕሩሲያ ጋር ስትዋጋ ሞፓሳን የሃያ ዓመት ወጣት ነበር፤ የሕግ ትምህርቱን አቋርጦ ዘመተ። አገሩ ተሸነፈች። ከጦርነቱ በኋላ ፓሪስ ገብቶ በባሕር ኃይል ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በትምህርት ሚኒስቴር በዝቅተኛ ጸሐፊነት ተቀጠረ። ቀን ቀን ወረቀት ሲገለብጥ ይውላል፣ ማታ ማታ ይጽፋል። ፍሎቤር የጻፈውን እያየ ያርምለታል፤ ለማሳተምም እንዳይቸኩል ይመክረዋል። ሞፓሳን በመሥሪያ ቤት ባሳለፋቸው ዓመታት የደመወዝተኛን ኑሮ ከውስጥ ዐወቀው። ወር የማይደርስ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ ከጎረቤት ላለማነስ የሚደረግ ልብስ፣ ይህ ሁሉ በኋላ ጽሑፍ ሆነው።

እ.ኤ.አ. በ1880 ያሳተመው ታሪክ በአንድ ጊዜ ዝናውን አወጣው። በጠላት ከተያዘች ከተማ በጋሪ የሚሸሹ ሰዎች አሉ፤ አብረዋቸው አንዲት ሴተኛ አዳሪ ተሳፍራለች። ሌሎቹ ይንቋታል፤ ሲርባቸው ግን ስንቋን ትከፍልላቸዋለች። መንገድ ላይ የጠላት መኮንን እሷ ካላደረችለት አላሳልፍም አለ። እምቢ ብትልም የተከበሩት ተሳፋሪዎች ለምነውና ገፋፍተው ላኳት። በማግሥቱ መንገዱ ሲከፈት ዐይኗን ማየት ተጸየፉ፤ ከስንቃቸውም ጉርሻ የሰጣት የለም። ሞፓሳን ማንንም አልሰደበም፤ ያደረጉትን ብቻ ነገረን። ፍርዱ የአንባቢው ነው።

ከዚያ በኋላ በአሥር ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ሦስት መቶ ያህል አጫጭር ታሪኮችና ስድስት ልብ ወለዶች ጻፈ። ከሁሉ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1884 በጋዜጣ የወጣችው የሐብሏ ታሪክ ናት። ማቲልድ የአንድ ደመወዝተኛ ጸሐፊ ሚስት ናት። ባሏ በሚሠራበት ሚኒስቴር ግብዣ ተጠሩ። ባልየው ለአደን ጠመንጃ ያስቀመጠውን 400 ፍራንክ ለቀሚስ ሰጣት። ጌጥ ስለሌላት ከሀብታም ጓደኛዋ የአልማዝ ሐብል ተዋሰች። ግብዣው አማረላት፤ ቤቷ ስትገባ ሐብሉ አንገቷ ላይ የለም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ባልና ሚስቱ ለባለቤቷ ጠፋ ብለው መንገር ይችሉ ነበር። እነሱ ግን መያዣው ተሰብሮ እያሠራነው ነው ብለው ጻፉላት። ጊዜ ለመግዛት ሲሉ ነው። ከዚያ ያንኑ የሚመስል ሐብል በ36,000 ፍራንክ ገዙ። ግማሹ የባልየው ውርስ ነው፤ ግማሹ ከዚህም ከዚያም፣ ከአራጣ አበዳሪም የተበደሩት። ዕዳውን ለመክፈል አሥር ዓመት ፈጀባቸው። ማቲልድ ሠራተኛዋን አሰናበተች፤ ውኃ ተሸከመች፣ ልብስ አጠበች፣ ገበያ ላይ በሳንቲም ተከራከረች፤ መልኳም ጠወለገ። ዕዳው ካለቀ በኋላ ያቺን ጓደኛዋን መንገድ ላይ አግኝታ እውነቱን ነገረቻት። ያ የጠፋው ሐብል ለካ አርቲፊሻል ኖሯል፤ ዋጋው ቢበዛ 500 ፍራንክ ነው።

እኛ ሒሳብ ሠራተኞች ይህን ስናነብ እጃችን ወደ ማስሊያው ይሄዳል። 36,000ን ለ500 ብናካፍል 72 ይመጣል። እውነቱን በመጀመሪያው ቀን ቢናገሩ ኖሮ ሊከፍሉት ከሚገባው ሰባ ሁለት እጥፍ ከፈሉ። ሐብሉን ማጣት አደጋ ነው፤ በማንም ይደርሳል። አሥሩን ዓመት ያመጣው ግን ሐብሉ ሳይሆን ያቺ የሐሰት ደብዳቤ ናት።

የደራሲው የራሱ ፍጻሜ አሳዛኝ ነው። በወጣትነቱ ቂጥኝ ይዞት ነበር፤ በዚያ ዘመን ለዚህ በሽታ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘም። ዐይኑ ይታመም፣ ራሱን ይወቅረው ጀመር፤ በመጨረሻም አእምሮው ተነካ። ወንድሙም እ.ኤ.አ. በ1889 በአእምሮ ሕመም ሞቶ ነበር። ሞፓሳን እ.ኤ.አ. በ1892 መጀመሪያ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ፤ ፓሪስ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ቤት ተወሰደ፤ በሐምሌ 1893 በ42 ዓመቱ ዐረፈ። እናቱ ሎር ሁለቱንም ልጆቿን ቀብራ ኖረች። ዛሬ ያ በሽታ በጊዜ ከተመረመሩለት በመርፌ የሚድን ነው፤ እርጉዝ እናቶችም ለዚሁ በጤና ጣቢያ ይመረመራሉ።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው የምትሉ ካላችሁ ወደ ጎረቤታችን ወደ መርሐቤቴ እንመልከት። የሐብሏ ታሪክ በፓሪስ በታተመችበት ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመርሐቤቴ የስድስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። አድገው በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት አዲስ ዓለም በተባለው መጽሐፋቸው ፓሪስ ተምሮ የተመለሰ የሸዋ ወጣት በተዝካርና በድግስ ልማድ ከአገሬው ሲጋጭ ያሳዩናል። ሁለቱ ደራሲዎች ሳይተዋወቁ አንድ ቁስል ነክተዋል። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ከዐቅም በላይ መውጣት በፓሪስም በሸዋም ያው ነው።

በእኛም ዘንድ በጥርና በሚያዝያ ለሠርግ ወርቅ እንዋዋሳለን። በግ ለማርባት ወይም ሱፍ ለመግዛት የወጣ ብድር ለተዝካር ይውላል። ከዚያ ክፍያ ሲያልፍባት እኅታችን ከስብሰባ መቅረት ትጀምራለች፤ ገንዘብ ያዧን በሩቅ ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ውዝፉ ግን እሷ ስለተደበቀች አይቀንስም፤ ዋሶቿም አብረው ይጨነቃሉ። በአንድ ወር ውስጥ የተነገረን ችግር ተነጋግረን የመክፈያ ጊዜ እናራዝማለን። በስድስተኛው ወር የተሰማን ችግር ግን የእሷንም የዋሶቿንም ቁጠባ ይነካል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን፤ ዕዳም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ለሠርግ የተዋሳችሁት ዕቃ ቢጠፋ በማግሥቱ ለባለቤቷ ንገሩ፤ ዋጋውንም ጠይቁ። ክፍያ እንደማይደርስላችሁ ካወቃችሁ ቀኑ ሳያልፍ ለኮሚቴው አስታውቁ። አንዲት አባል ችግሯን ልትናገር ስትነሣ ደግሞ እኛ የተቀመጥነው ሳናጉረመርምና ሳንሳሳቅ እናድምጣት። የምትናገርበት ቦታ ካጣች ማቲልድ የጻፈችውን ደብዳቤ ትጽፋለችና።