ከላንካስተር ጌት ባዶ እጁን የተመለሰው ብሪያን ክላፍ

የእንግሊዝን ብሄራዊ ቡድን ማሰልጠን ሲገባው ሳያሰለጥን የቀረ ማነው ቢባል፣ የስፖርት ቤተሰቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ስም የብሪያን ክላፍ ነው። ሰውየው ቦታውን ሳይጠይቅ ቀርቶ አይደለም። ዲሴምበር 5 ቀን 1977 (በዚህ ጽሁፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ዋና ጽህፈት ቤት ወደነበረበት የለንደኑ ላንካስተር ጌት ሄዶ፣ እንደ ማንኛውም ስራ ፈላጊ ወንበር ተሰጥቶት ኢንተርቪው ተደርጓል። ከሳምንት በኋላ ስራው ለሌላ ሰው መሰጠቱን ሰማ። ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የሰራውን ግን ብዙ አሰልጣኞች በዕድሜ ልካቸው አልሰሩትም።

ክላፍ ለመገፋት እንግዳ አልነበረም። በ1935 ሚድልስቦሮ ውስጥ የከረሜላ ፋብሪካ ሰራተኛ ከሆነ አባት ተወለደ። በአስራ አንድ ዓመት ዕድሜ የሚሰጠውንና ወደ ተሻለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያሳልፈውን ፈተና ወደቀ። ኳሱ ግን አልከዳውም። በሚድልስቦሮና በሰንደርላንድ ማሊያ በ274 የሊግ ጨዋታዎች 251 ጎሎች አስቆጥሯል። አብዛኛው በሁለተኛ ዲቪዚዮን የተገኘ ነው ብለው የሚያጣጥሉት አሉ፤ ቢሆንስ፣ 251 ጎል 251 ጎል ነው። ለብሄራዊ ቡድኑ የተሰለፈው ግን በ1959 ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በ1962 በገና ማግስት ሰንደርላንድ ከቤሪ ሲጫወት ከበረኛው ጋር ተጋጭቶ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ያኔ ገና የ27 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ታግሎ ተመለሰ፤ ከሶስት ጨዋታ በላይ ግን አልዘለቀም። ተስፋ ቆርጦ በተቀመጠበት ጊዜ የሰንደርላንዱ አሰልጣኝ ጆርጅ ሃርድዊክ የክለቡን ታዳጊዎች አሰልጥን ብሎ ሰጠው። አሰልጣኙ ክላፍ የተወለደው እዚያ ነው።

በ30 ዓመቱ የሊጉ ጭራ አካባቢ የነበረውን ሃርትልፑልስን ያዘ። የልብ ጓደኛው ፒተር ቴይለርም በረዳትነት አብሮት ገባ። ቀጥለው ደርቢ ካውንቲን ከሁለተኛ ዲቪዚዮን አውጥተው በ1972 የእንግሊዝ ቻምፒዮን አደረጉት። ክላፍ ግን አፉ አያርፍም። በቴሌቪዥን ቀርቦ የፈለገውን ይናገራል፣ የክለቡን ባለስልጣናት ይሞግታል፣ የእግር ኳስ ማህበሩን ሹማምንት ያጣጥላል። በኦክቶበር 1973 ከደርቢ የቦርድ አባላት ጋር ተጣልቶ ስራውን ለቀቀ። በ1974 ደግሞ ዶን ሬቪ ለብሄራዊ ቡድኑ ሲሾም በለቀቀው የሊድስ ዩናይትድ ወንበር ላይ ተቀመጠና በ44 ቀን ተባረረ። ለዓመታት በአደባባይ ሲነቅፋቸው ከነበሩ ተጫዋቾች ጋር ምን ሊበጀው እንደሄደ ዛሬም ድረስ ግራ ያጋባል።

በጃንዋሪ 1975 ኖቲንግሃም ፎረስትን ሲረከብ ክለቡ በሁለተኛ ዲቪዚዮን 13ኛ ደረጃ ላይ ነበር። ቴይለር በ1976 ተቀላቀለው፤ በ1977 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አደጉ። ያንኑ ክረምት ሬቪ የእንግሊዝን ቡድን ጥሎ ወደ ተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ሄደ። ሬቪ ጥሎት የሄደው ወንበር ለሁለተኛ ጊዜ ክላፍ ፊት ተዘረጋ ማለት ነው።

ዲሴምበር ላይ ፎረስት የሊጉን ሰንጠረዥ ይመራ ነበር። ሕዝቡም ክላፍ ይሾምልን ይላል። ኢንተርቪው ከተደረጉት መካከል ቦቢ ሮብሰን፣ ላውሪ ማክሜነሚና ከኦገስት ጀምሮ ቡድኑን በጊዜያዊነት የያዘው ሮን ግሪንዉድ ይገኙበታል። የማህበሩ ሊቀመንበር ሰር ሃሮልድ ቶምፕሰን የኦክስፎርድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ሥርዓት ይወዳሉ፣ አሰልጣኝ ከሹም በታች መሆኑ እንዲታወቅላቸው ይፈልጋሉ። ከጠያቂዎቹ አንዱ የነበረው የማንቸስተር ሲቲው ሊቀመንበር ፒተር ስዌልስ በኋላ እንደመሰከረው ከሁሉም የተሻለ መልስ የሰጠው ክላፍ ነበር። ክላፍ ራሱም ክፍሉን ሲለቅ ፈተናውን በሚገባ እንደተወጣ ያምን ነበር።

በዲሴምበር 12 ግን ሹመቱ ለግሪንዉድ ጸደቀለት። ለእውነት ለመናገር ግሪንዉድ ተራ ሰው አልነበረም። በኖቬምበር ጣሊያንን በዌምብሌይ 2ለ0 አሸንፏል፣ ጨዋ ነው፣ ከማንም አይጣላም። ማህበሩ የፈለገውም እሱን ዓይነት ሰው ነው። ክላፍ ከዓመታት በኋላ ሲያስረዳ፣ ሹሞቹ እኔን ቢቀጥሩ ቤቱን ሁሉ ልምራ እንደምል ገብቷቸዋል፣ አልተሳሳቱም የሚል ሃሳብ ነበረው። እንግዲህ ጥሩ መመለሱ ራሱ ነው የጎዳው ማለት ይቻላል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የታየው ሰው ለመታዘዝ የመጣ አይመስልም ነበርና።

ማጽናኛ ይሁን ተብሎ ለእሱና ለቴይለር የእንግሊዝ ወጣት ቡድን ተሰጣቸው። አንኮራፍቶ እምቢ ይላል ሲባል ተቀበለ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሁለቱም ተዉት። መዳኛው ሌላ ቦታ ነበር። ዜናው በተሰማ በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ዲሴምበር 17፣ ፎረስት ኦልድ ትራፎርድ ሄዶ ማንቸስተር ዩናይትድን 4ለ0 ደበደበው። ለኩርፊያ የሚሆን ጊዜ አልነበረም፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጨዋታ አለ።

ያ ቡድን ደግሞ ራሱ የተገፉ ሰዎች ስብስብ ነበር። ጆን ሮበርትሰን ክላፍ ሲመጣ ወፍራምና ቸልተኛ ተብሎ የተተወ ተጫዋች ነበር፤ የአውሮፓ ምርጥ የግራ ክንፍ አደረገው። በረባሽነቱ የሚፈራው አጥቂ ኬኒ በርንስ ወደ ተከላካይነት ተለውጦ በ1978 የእንግሊዝ የዓመቱ ኮከብ ተባለ። አምበሉ ጆን ማክጎቨርን ከሃርትልፑልስ ጀምሮ ክላፍን ሲከተል የኖረ፣ ሊድስ ላይም የተጮኸበት ልጅ ነው። ላንካስተር ጌት ያልተቀበለው ሰው ሌሎች ያልተቀበሏቸውን ይዞ ሊጉን በ7 ነጥብ ልዩነት ከሊቨርፑል ነጠቀ፤ ዓመቱን ሙሉ በሊጉ የተሸነፈው ሶስት ጊዜ ብቻ ነው። የሊግ ካፑንም ደረበበት። ከኖቬምበር 1977 እስከ ዲሴምበር 1978 በ42 የሊግ ጨዋታዎች የሚያሸንፈው ጠፋ።

በሜይ 1979 ሙኒክ ላይ ማልሞን፣ በሜይ 1980 ማድሪድ ላይ ኬቨን ኪገን የነበረበትን ሃምቡርግን በተመሳሳይ 1ለ0 አሸንፎ የአውሮፓ ቻምፒዮኖች ዋንጫን ሁለት ጊዜ ወሰደ። እስካሁን ፎረስት የአውሮፓ ዋንጫው ቁጥር ከአገሩ የሊግ ዋንጫ የሚበልጥ ብቸኛው ክለብ ነው።

ቁስሉ ግን ሙሉ በሙሉ ሻረ ማለት አይደለም። ግሪንዉድ ለእንግሊዝ ሲመርጥ የክላፍን ልጆች ይወስዳል፤ በረኛው ፒተር ሺልተን፣ አጥቂው ቶኒ ዉድኮክ፣ በኖቬምበር 1978 ለእንግሊዝ ዋናው ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የሆነው ቪቭ አንደርሰን ሁሉም የፎረስት ናቸው። ተጫዋቾቹ ዌምብሌይ ሲገቡ አሰልጣኙ ኖቲንግሃም ይቀራል። በ1982 ወንበሩ እንደገና ሲከፈት ለቦቢ ሮብሰን ሆነ። ክላፍ ዳግመኛ አልተጠራም። ከቴይለር ጋር በ1983 በሮበርትሰን ዝውውር ተጣልተው ሳይታረቁ ቴይለር በ1990 ሞተ፤ መጠጡም በረታበት። በ1993 ፎረስት ሲወርድ ከ18 ዓመት በኋላ ተሰናበተ።

በ2003 ጉበቱ ተቀየረለት። የ42 ጨዋታውን ክብረ ወሰን የአርሰን ቬንገር አርሰናል በኦገስት 2004 ሲሰብረው ክላፍ በሕይወት ነበር። ሴፕቴምበር 20 ቀን 2004 በጨጓራ ካንሰር በ69 ዓመቱ ደርቢ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ደርቢና ኖቲንግሃም በኳስ የማይስማሙ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው አውራ ጎዳና ግን ዛሬ የሚጠራው በእሱ ስም ነው።