ሉዊ ዘጠነኛና ሁለቱ አክሊሎች

በመካከለኛው ዘመን ብዙዎቹ የአውሮፓ ነገሥታት የሚጭኑት ዘውድ ዙሪያውን ራስን የሚከብ፣ አናቱ ግን ክፍት የሆነ የወርቅ ቀለበት ነበር። በላዩ ቅስት የተሠራበት ዘውድ የንጉሠ ነገሥትነት ምልክት ይሆን ነበር። የፈረንሳይ ነገሥታትም ቅስት ያለውን ዘውድ ያዘወተሩት ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው።

ሉዊ ዘጠነኛ በ1214 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ተወለደ። አባቱ በ1226 ስለ ሞተ ገና በ12 ዓመቱ በሬምስ ከተማ ዘውድ ጫነ። እናቱ ብላንሽም ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ በሞግዚትነት አገሩን አስተዳደረች።

በ1239 የክርስቶስ አክሊለ ሦክ ተብሎ የሚከበረውን ቅርስ በ135,000 ሊቭር ገዛ። ይህም አክሊል እንደ ነገሥታቱ ዘውድ አናቱ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ወርቅ ሳይሆን የተጠመዘዘ ሣር ነው። ንጉሡ ቅርሱን የተቀበለው የንግሥ ልብሱን አውልቆ፣ በተራ ቀሚስና በባዶ እግሩ ነበር። ማኖሪያውንም ሴንት ሻፔልን አሠርቶ በ1248 ተባረከ።

በ1247 መርማሪዎችን ወደየአውራጃው ልኮ፣ ሹማምንቱ የበደሉት ድኻ አቤቱታ እንዲሰማና ካሣ እንዲከፈለው አደረገ። በሌላ በኩል የአይሁድ መጻሕፍት በፓሪስ አደባባይ የተቃጠሉት በእርሱ ዘመን ነውና ነቀፋ አላመለጠውም። በ1250 በግብፅ ጦርነት ተማርኮ በካሣ ተለቀቀ፤ በ1270 በቱኒስ ሞተ። በ1297 ቤተ ክርስቲያኑ ቅዱስ አለችው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሉዊን ያስከበረው የወርቁ ቀለበት ብቻ አይደለም፤ የተበደለን ሰው አቤቱታ መስማቱም ነው። እኛም ነገ ሹመት ብናገኝ ይህን እናስታውስ።