ቅድስት ፍራንቸስካ ዘሮማ፦ የቤት እመቤትና የድኾች እናት

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ የካቲት 30 ቀን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 9፣ የቅድስት ፍራንቸስካ ዘሮማን መታሰቢያ ታከብራለች። በቅዱሳን መዝገብ ሰማዕታት፣ ደናግል፣ መነኮሳትና ሊቃውንት በብዛት ይገኛሉ። ይህች ቅድስት ግን ዐርባ ዓመት በትዳር የኖረች፣ ልጆች ወልዳ ያሳደገችና የቀበረች፣ የአንድ ትልቅ ቤት ጓዳ በእጇ የነበረ የቤት እመቤት ናት። በየቁምስናችን የቤታቸውን ኃላፊነት ሳይተዉ ሕሙማንን የሚጠይቁና ችግረኛውን የሚያጎርሱ እናቶች ብዙዎች በመሆናቸው፣ የሕይወቷን ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንቸስካ በ1384 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ከመኳንንት ወገን ተወለደች። አባቷ ፓውሎ ቡሳ፣ እናቷ ያኮቤላ ይባሉ ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከእናቷ ጋር ወደ ሳንታ ማሪያ ኖቫ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች ታስቀድስ ነበር። በዚያ የነበሩት መነኮሳት የቅዱስ ቤነዲክቶስን ሥርዓት የሚከተሉ ኦሊቬታውያን ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ የነፍስ አባቷ ሆነ። ዕድሜዋ 11 ዓመት በሆነ ጊዜ ገዳም ገብታ ለመኖር ቆረጠች። አባቷ ግን እንደ ዘመኑ ልማድ አስቀድሞ ቃል ሰጥቶ ስለ ነበር፣ ገና 12 ዓመት ገደማ ሳለች ለሎሬንዞ ዴ ፖንዚያኒ ዳራት። የባሏ ቤት ከቲቤር ወንዝ ማዶ ትራስቴቬሬ በተባለው ሰፈር የሚገኝ፣ ሀብትና ሎሌ የሞላበት ቤት ነበር።

ሙሽራዪቱ በግብዣውና በጌጡ መካከል ልቧ አዝኖ ብዙ ወራት በጽኑ ታመመች። ከሕመሟ ከተነሣች በኋላ የባሏ ወንድም ሚስት ቫኖጻ እንደ እርሷ ያለ ምኞት በልቧ ሠውራ እንደምትኖር ተረዳች። ሁለቱ ሴቶች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደ እኅትማማች ሆኑ። የቤታቸውን ሥራ ከፈጸሙ በኋላ ተራ ልብስ ለብሰው ወደ ሳንቶ ስፒሪቶ ሆስፒታል እየሄዱ ሕሙማንን ያጥቡና ያጎርሱ ጀመር። ወይዛዝርት እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠሩ ማየት ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበርና መሳለቂያ ሆኑ። ሎሬንዞ ግን ሚስቱን ከመልካም ሥራዋ አልከለከላትም።

አማቷ በሞተች ጊዜ የቤቱ አስተዳደር ለፍራንቸስካ ተሰጠ። ከዚህም የተነሣ ለጸሎት የምትሻው ጊዜ አነሰ። አንድ ቀን የእመቤታችንን ጸሎተ ሰዓታት ስትደግም ባሏ አራት ጊዜ እንዳስጠራትና አራቱንም ጊዜ መጽሐፏን ከድና እንደ ሄደች ይተረካል። በመጨረሻም ስትመለስ ያቋረጠችው ቃል በወርቅ ተጽፎ አገኘችው ይባላል። ባለትዳር የሆነች ሴት ቤቷ ሲጠራት እግዚአብሔርን ከመንበረ ታቦቱ ፊት ትታ በቤቷ ሥራ ውስጥ ልታገኘው እንደሚገባ ለሌሎች ሴቶች ታስተምር የነበረውም ከዚሁ ኑሮዋ በመነሣት ነው።

ከተማዋን ረኀብ በጎበኛት ጊዜ ፍራንቸስካ የቤቷን እህልና ወይን ለተራቡት ያለ ስስት አደለች። ይህን ያየ አማቷ አንድሬዮጾ ቤተሰቡ እንዳይራብ ሠግቶ ቁልፉን ወሰደባት። እርሷም አላጉረመረመችም፤ ከቫኖጻ ጋር ባዶው ጎተራ ገብታ በገለባ መካከል የቀረውን ፍሬ እየለቀመች ለድኾች ሰጠች። የሕይወት ታሪኳን የጻፉት እንደሚተርኩት፣ ከዚያ በኋላ ባዶው ጎተራ በእህል፣ ባዶው በርሜልም በወይን ተሞልቶ ተገኘ። ቁልፉ ተመለሰላት፤ የቤተሰቡም ልብ ተለወጠ።

ከዚህ የከፋው መከራ በጦርነት መጣ። ከ1378 እስከ 1417 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን በታላቅ መከፋፈል ውስጥ ነበረች። የናፖሊ ንጉሥ ላዲስላዎስም ሮማን ደጋግሞ ያዘ። የጳጳሱን ወገን ደግፎ የተዋጋው ሎሬንዞ በ1409 ዓ.ም. ክፉኛ ቆሰለ፤ ባለቤቱም ሌሊትና ቀን አስታምማ አዳነችው። በኩር ልጇን ባቲስታን በመያዣነት እንድትሰጥ ተገደደች። ሎሬንዞ ተሰደደ፤ ቤታቸው ተዘረፈ፤ ከብታቸውም ተነዳ። በዚህ ላይ ቸነፈር ገብቶ ታናሽ ልጇን ኤቫንጀሊስታን ገና 9 ዓመት ገደማ ሳለ ገደለው። ብዙም ሳይቆይ ሴት ልጇ አኜዜ ተከተለችው።

ልጆቿን በቀበረችበት በዚያ በፈረሰ ቤት ውስጥ ፍራንቸስካ በሯን ዘግታ አላለቀሰችም። ከተረፈው ክፍል አንዱን የሕሙማን ማረፊያ አደረገችው። ሌላ ጥሪት ስላልነበራት ጌጧንና ልብሷን ሸጠች፤ ያም ሲያልቅ በየደጁ ለድኾች ለመነች። ከከተማው ውጭ ካለው የወይን ቦታቸው እንጨት ለቅማ በአህያ ጭና ለችግረኞች ታከፋፍል ነበር። ሕሙማንንም ራሷ ባዘጋጀችው ቅባት ታክም ነበር። የራሷን ሕፃን ከሞት ማስጣል ያልቻለች እናት የሌላውን ልጅ ቁስል ስታጥብ መኖሯን ስናስብ፣ ፍቅሯ ከመጽናናት የተወለደ ሳይሆን ኀዘኗን ይዞ የተጓዘ መሆኑን እንገነዘባለን።

ሎሬንዞ በ1414 ዓ.ም. ተሰብሮና ታምሞ ከስደት ሲመለስ እስከ ዕለተ ሞቱ አገለገለችው። በነሐሴ ወር 1425 ዓ.ም. በእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ዕለት ከጥቂት ሴቶች ጋር በሳንታ ማሪያ ኖቫ ራሳቸውን ለእግዚአብሔር አቀረቡ። እነዚህ ሴቶች በቤታቸው እየኖሩ ድኾችን የሚያገለግሉ ነበሩ። በ1433 ዓ.ም. ግን ቤት ላልነበራቸው እኅቶች ቶር ዴ ስፔኪ በተባለው ስፍራ የማኅበር ቤት ተከፈተ፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውጄንዮስ አራተኛም አጸደቁት። አንባቢዎቻችን እንደሚያስታውሱት፣ ፍራንቸስካ ባረፈች በዓመቱ በ1441 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ወደ ፍሎረንስ ጉባኤ የመጡትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተቀበሉት እኚሁ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ናቸው።

መሥራቿ ራሷ ግን በማኅበሩ ቤት አልገባችም፤ ባሏ በሕይወት ነበርና። በ1436 ዓ.ም. ሎሬንዞ ሲያርፍ ባዶ እግሯን ሆና ወደ ቶር ዴ ስፔኪ መጣች፤ እንደ አገልጋይ እንዲቀበሏትም ለመነች። እኅቶቿ ግን አለቃቸው አደረጓት። በልጅነቷ የተመኘችውን ሕይወት ያገኘችው በ52 ዓመቷ፣ የመጣላትን ግዴታ ሁሉ ፈጽማ ነበር።

የመጨረሻዋም ሰዓት ያለፈው በገዳሟ አልነበረም። በመጋቢት 1440 ዓ.ም. ልጇ ባቲስታ መታመሙን ሰምታ ልትጠይቀው ሄደች፤ በዚያው እርሷም ታመመች። በማርች 9 ቀን፣ በሙሽርነቷ በገባችበት በዚያው ቤት ነፍሷን ለፈጣሪዋ ሰጠች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ አምስተኛ በ1608 ዓ.ም. ቅድስት ብለው ሰየሟት። ሥጋዋ ያረፈበት ሳንታ ማሪያ ኖቫ ዛሬ በስሟ ይጠራል። በመንገዷ ሁሉ የጠባቂ መልአኳ ብርሃን ይመራት እንደ ነበር ስለሚነገር፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ በ1925 ዓ.ም. የአሽከርካሪዎች ጠባቂ አደረጓት።

እንግዲህ ከቅድስት ፍራንቸስካ ምን እንማራለን? ቅድስና ከልጅ ልቅሶ፣ ከምድጃና ከሕሙም አልጋ ርቆ የሚፈለግ ነገር አለመሆኑን እንማራለን። መቁጠሪያዋን ጀምራ ጎረቤት ስለ ጠራት ያቋረጠች እናት ጸሎቷ እንደ ጎደለ አትቁጠር፤ ያቋረጠችው ለፍቅር ከሆነ ጸሎቷ በዚያው ቀጥሏል። እኛም እነዚህን እናቶች ከማመስገን ባሻገር ሸክማቸውን ልንጋራ ይገባናል።

የቅድስት ፍራንቸስካ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።