ፍሪድሪክ ዜርቱርነር፤ ለሥቃይ ማስታገሻ ልክ ያበጀ ፋርማሲስት

ከባድ የካንሰር ሥቃይን ለማስታገስ ዛሬም በግንባር ቀደምትነት የሚታዘዘው ሞርፊን የተገኘው በስመ ጥር ሊቅ ሳይሆን በአንድ ወጣት የመድኃኒት ቤት ረዳት ነው።

ፍሪድሪክ ዜርቱርነር እ.ኤ.አ. በ1783 ጀርመን ውስጥ በፓደርቦርን አቅራቢያ በምትገኘው ኖይሃውስ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት በ1799 ፓደርቦርን በሚገኝ መድኃኒት ቤት በተለማማጅነት ገባ።

በዚያ ዘመን ለሥቃይ የሚታዘዘው ኦፒየም ኃይሉ እንደየምርቱ ይለያይ ነበር። አንዱን ሕመምተኛ ያስታገሰው መጠን ሌላውን ሳይረዳ ይቀራል፤ ሦስተኛውን ይገድላል። ወጣቱ ረዳት የችግሩን ሥር ፈለገ። የኦፒየሙን ሙሙት በአሞንያ አዝቅጦ ክሪስታል አወጣ፤ በውሾች ላይም ሞክሮ የማስተኛቱ ኃይል በእርሱ ውስጥ መሆኑን ተረዳ። ውጤቱን በ1805 እና በ1806 በፋርማሲ መጽሔት ቢያሳትምም ልብ ያለው አልነበረም።

ወደ አይንቤክ ከተማ ከተዛወረ በኋላም ምርምሩን አልተወም። እርሱና ሦስት ወጣቶች ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግማሽ ግማሽ ግሬን ሦስት ጊዜ ወሰዱ። ሁሉም ተመረዙ፤ ኮምጣጤ ጠጥተው በማስመለስ ከሞት ተረፉ። ሙከራው በዛሬው የሙያ ሥነ ምግባር የሚወገዝ ቢሆንም የመድኃኒቱን ኃይልና አደጋ በግልጽ አሳየ። ይህን በ1817 ሲያሳትም ግኝቱን በግሪኮች የሕልም አምላክ በሞርፌዎስ ስም ጠራው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ጌ ሉሳክ ጽሑፉ እንዲተረጎም ስላደረገ ዝናው ተሰማ። የፈረንሳይ የሊቃውንት ጉባኤም በ1831 ሸለመው። ዜርቱርነር በሃመልን ከተማ መድኃኒት ቤት ሲያስተዳድር ኖሮ በ1841 ዐረፈ።

ልኩ የታወቀው መድኃኒት ግን በቀላሉ ለሕመምተኛው አልደረሰም። ሱስን በመፍራትና በቁጥጥር ብዛት የተነሣ፣ በብዙ ሆስፒታሎች ሞርፊን የሚሰጠው ሥቃዩ ከአቅም በላይ ሲሆን ብቻ ነበር። በ1961 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ስምምነት ቁጥጥሩን ሲያጠብቅ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ለሥቃይ ማስታገሻ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውንም አወቀ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1977 ሞርፊንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዘርዝር ውስጥ አስገባ፤ በ1986 ባወጣው የካንሰር ሥቃይ መመሪያም መድኃኒቱ በአፍ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ እንደ ሥቃዩ ደረጃ እንዲሰጥ መከረ። ይህ ሁሉ የሚቻለው መጠኑ በትክክል ሲታወቅ ነው።

ከዜርቱርነር ጽሑፍ እስከዚህ መመሪያ 169 ዓመታት አለፉ። ዛሬም በብዙ ታዳጊ አገሮች የካንሰር ሕመምተኞች ሞርፊን ሳያገኙ ይሞታሉ። የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ የተመጣጠነ ሕግ፣ የማይቋረጥ አቅርቦትና ያለ ፍርሃት አዝዞ በጥንቃቄ የሚያድል ባለሙያ ነው።