ፍሬደሪክ ሲምስና ሁለቱ የጦር ተሽከርካሪዎቹ

ፍሬደሪክ ሪቻርድ ሲምስ እ.ኤ.አ. በ1863 ከእንግሊዛውያን ቤተሰብ በጀርመን አገር በሀምቡርግ ከተማ ተወለደ። የዳይምለርን ሞተር ወደ ብሪታንያ ያስገባ፣ ከሮበርት ቦሽም ጋር በማግኔቶ ሥራ የተባበረ መሐንዲስና ነጋዴ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1899 ሲምስ ዴ ዲዮን ቡቶን በተባለች ቀላል ባለ አራት ጎማ ሞተር ተሽከርካሪ ላይ የማክሲም መትረየስ አስጠምዶ ለሕዝብ አሳየ። ለነጂው ከለላ የሆነው ከፊቱ የተተከለው ጋሻ ብቻ ስለ ነበረ፣ ጎኑና ጀርባው ለጥይት የተጋለጠ ነበር። ስለዚህ ይህች ተሽከርካሪ የታጠቀች ናት እንጂ ብረት ለበስ ልትባል አትችልም።

ሁለተኛው ሥራው ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ቪከርስና ማክሲም ኩባንያ እንዲሠራለት ያዘዘው የጦር መኪና እ.ኤ.አ. በ1902 በለንደን በክሪስታል ፓላስ ቀረበ። ርዝመቱ 8.5 ሜትር ያህል ሲሆን፣ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት ዙሪያውን ከቦታል፤ ጣሪያው ግን ክፍት ነበር። ይህን ሁሉ ክብደት የሚጎትተው ባለ 16 የፈረስ ጉልበት የዳይምለር ሞተር ስለ ነበረ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር አልዘለለም። የብሪታንያ የጦር ሚኒስቴር አልተቀበለውም፤ ከዚያ ከአንዱ በቀርም ሌላ አልተሠራም።

የሁለቱ ተሽከርካሪዎች ፎቶግራፍ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ስም ሲጠራ ይታያል። መትረየስ በሁለቱም ላይ ስላለ መለያ ሊሆን አይችልም። መሐንዲሱ ሊመረምረው የሚገባው በውስጡ ላለው ሰው የተሰጠውን ከለላ ነው።

ሲምስ እ.ኤ.አ. በ1944 ሲሞት፣ በጊዜው ገዢ ያጣው ሐሳብ በሁለት የዓለም ጦርነቶች ሥራ ላይ ውሎ ነበር።