ከቀዶ ሕክምና ወደ ፖለቲካ፦ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ መአሕድ እና የሰሜን ሸዋ ጥያቄ

መግቢያ

ክልላዊ ወይም ብሔርን መሠረት ያደረጉ ፓርቲዎች ብዙውን ጊዜ የሚወለዱት ማእከላዊውን መንግሥት ከመጠራጠር ነው። በደቡብ ሕንድ የታሚል ተናጋሪዎች ፓርቲ የሆነው ድራቪዳ ሙኔትራ ካዛጋም እ.ኤ.አ. በ1949 ሲቋቋም የመገንጠል ጥያቄ አንግቦ ነበር። ጥያቄውን እ.ኤ.አ. በ1963 ትቶ፣ ከአራት ዓመት በኋላ የማድራስን ክልላዊ መንግሥት በምርጫ ያዘ። የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት (መአሕድ) አመጣጥ ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። መሥራቹ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ወደ ፖለቲካ የገቡት መገንጠልን በመቃወም ሲሆን፣ የመሠረቱት ግን በአንድ ብሔር ስም የተጠራ ድርጅት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውን በመከተል የዚህን ቅራኔ ምንጭና ለሰሜን ሸዋ፣ በተለይም ለይፋት ቆላ፣ ያለውን ትርጉም ይመረምራል።

የሐኪሙ ሕይወት

አሥራት በሰኔ 1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው የልጅነት ዘመናቸውን በድሬዳዋ አሳለፉ። በፋሺስት ወረራ ዘመን አባታቸው ተገደሉ፤ እናታቸውንም ብዙም ሳይቆዩ አጡ። ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባ ተመልሰው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በግብፅ እስክንድርያ በሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተማሩ። የሕክምና ትምህርታቸውን በስኮትላንድ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ አጠናቀው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ዳግም ወደዚያው ሄደው በቀዶ ሕክምና ሠለጠኑ። በዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ረድፍ ውስጥ ይቆጠራሉ።

በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ በኋላም በዲንነት መርተውታል። ዋነኛ ውርሳቸው በየሆስፒታሉ የተሰማሩት ተማሪዎቻቸው ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐኪም የነበሩ በመሆናቸው፣ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ሕመም ማረፋቸውን ሲገልጽ፣ አሥራት እንዲህ ያለ የጤና መታወክ አለመኖሩን በመናገር የመንግሥቱን መግለጫ አልተቀበሉም። ይህ አቋም ከኋለኛው የፖለቲካ ሕይወታቸው ጋር ሲነጻጸር አንድ ወጥ ጠባይ ይታይበታል፤ ያላመኑበትን ነገር በዝምታ አያጸድቁም ነበር።

የሰኔ 1983 ጉባኤና የመአሕድ ምሥረታ

ኢሕአዴግ ሥልጣን ከያዘ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከሰኔ 24 ቀን 1983 ዓ.ም. ጀምሮ የሽግግር ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሄደ። አሥራት በጉባኤው የተገኙት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው ነበር። የሽግግሩን ቻርተርና የኤርትራን መለየት የሚመለከተውን ውሳኔ በመቃወም ጎልተው ከወጡት ጥቂት ድምፆች አንዱ ሆኑ። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች በብሔር ስም የተደራጁ ሲሆኑ፣ በአማራ ስም የተቋቋመ ድርጅት ግን አልነበረም። ኢሕዴን በዚያን ጊዜ ኅብረ ብሔራዊ ስሙን እንደያዘ ነበር፤ ብአዴን የተባለው በ1986 ዓ.ም. ነው።

በተመሳሳይ ወቅት በአርባ ጉጉና በሌሎች አካባቢዎች በአማራ ተወላጆች ላይ ግድያና መፈናቀል ደረሰ። መአሕድ በጥር 1984 ዓ.ም. ሲመሠረትና አሥራት ሊቀመንበር ሲሆኑ፣ ጥያቄው የኢትዮጵያን አንድነት ከመጠበቅ ባሻገር የተጠቂዎችን ደኅንነት የማስከበር ጉዳይም ሆኖ ነበር። ውሳኔው በምሁራን ዘንድ አከራካሪ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም አማራ የሚባል የተለየ ብሔረሰብ የለም የሚል ሐሳብ ሲያራምዱ፣ ሌሎች ደግሞ በብሔር መደራጀት የሚቃወሙትን ሥርዓት መልሶ ማጽናት ነው ብለው ተችተዋል።

ይፋት ቆላና የስያሜው ወሰን

የዚህ ክርክር ክብደት በይፋት ቆላ ይበልጥ ይታያል። ከጣርማ በር ገደል በታች፣ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር በገበያ፣ በጋብቻና በግጦሽ የሚገናኙበት ምድር ነው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት መናገሻ የነበረው ይፋት የረጅም ዘመን የእስልምና ታሪክ አለው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞችም ነባር ነዋሪዎቹ ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 7/1984 አስተዳደሩ በብሔር ሲከለል፣ በሸዋ ስም ይጠራ የነበረው ማንነት በአዲስ መለኪያ መመዘን ጀመረ። አማራን ከሃይማኖትና ከደጋ ኑሮ ጋር ብቻ የሚያያይዝ አመለካከት ይፋትን ሊገልጸው አይችልም። በመሆኑም በአማራ ስም የሚደራጅ ፓርቲ በዚህ ምድር ላይ ስሙን ማስፋት ወይም ጎረቤቶቹን ማጣት ግድ ይሆንበት ነበር።

ደብረ ብርሃን፣ እስርና ሞት

የአሥራት የፖለቲካ ዕጣ የተወሰነው በዚሁ በሰሜን ሸዋ ነው። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ለተሰበሰበ ሕዝብ ያደረጉት ንግግር በኋላ አመፅ በመቀስቀስ አስከሰሳቸው። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተባረሩት ከ40 በላይ መምህራን አንዱም ነበሩ። በሰኔ 1986 ዓ.ም. በሌላ ክስ ሁለት ዓመት፣ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ደግሞ በደብረ ብርሃኑ ንግግር ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የኅሊና እስረኛ ብሏቸዋል። ሊቀመንበሩ በእስር ሳሉ መአሕድ ከ1987ቱ ምርጫ ራሱን አገለለ።

ጤናቸው በእስር ቤት ክፉኛ ታወከ። ወደ ውጭ ሄደው እንዲታከሙ የተለቀቁት በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ሲሆን፣ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ አረፉ። ዕድሜያቸው ሰባ ነበር።

ማጠቃለያ

መአሕድ በ1990ዎቹ አጋማሽ የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት (መኢአድ) ተብሎ ስሙን መለወጡ፣ የብሔር ስያሜው ለብዙዎቹ አባላት የመጨረሻ ግብ እንዳልነበረ ያመለክታል። ሆኖም መሣሪያ ሆኖ የተመረጠ ስም መሣሪያ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ከዓመታት በኋላ የተነሣው የአማራ ብሔርተኝነት አሥራትን ከቀዳሚዎቹ አንዱ አድርጎ ይጠራቸዋል። የአንድነት አቀንቃኙ ሐኪም ለአንድ ብሔር ንቅናቄ አርአያ መሆናቸው፣ የፓርቲን ትርጉም የመሥራቹ ፍላጎት ብቻውን እንደማይወስነው ያሳያል፤ የውክልናው ሥርዓትና የሕዝቡ የደኅንነት ስጋትም ይወስኑታል።

ዛሬ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በስማቸው ይጠራል። ንግግራቸው ለእስር በዳረጋቸው ከተማ ስማቸው ከሕክምና ትምህርት ጋር ተያይዞ ይነሣል። በሰሜን ሸዋ ሁለቱን አሥራቶች፣ ሐኪሙንና ፖለቲከኛውን፣ ለይቶ ማጥናት አይቻልም። የይፋት ቆላ ነዋሪዎች ግን በሁለቱም ጥናቶች ውስጥ እስካሁን ያገኙት ቦታ አነስተኛ ነው፤ ብሔርን መሠረት ያደረገ ፓርቲ ብዙ ብሔረሰብ በሚኖርበት ወሰን ላይ እንዴት ሊሠራ ይችላል የሚለው ጥያቄም መልስ ሊፈለግለት የሚገባው ከእነርሱ ዘንድ ነው።