ሻምበል አበበ ቢቂላና የቶኪዮው ድል

የክብር ዘበኛ ባልደረባ የነበረው ዕውቁ የማራቶን ጀግና ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። በ1952 ዓ.ም. በሮማ ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ድል ካደረገ በኋላ ለቶኪዮው ውድድር ሲዘጋጅ፣ የ1956 ዓ.ም. ክረምት አልፎ መስከረም እንደ ጠባ በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ በልምምድ ሩጫ ላይ ሳለ ብርቱ ሕመም ያዘው። ሕመሙን ችሎ ለመቀጠል ቢታገልም ጉልበቱ ከድቶት ወደቀ። ሐኪሞችም ትርፍ አንጀት መሆኑን ተረድተው በቀዶ ጥገና አወጡለት። ይህ ደዌ ችላ ከተባለ ፈንድቶ ለሞት የሚያደርስ በመሆኑ፣ ሕይወቱን ያተረፈለት በጊዜው መታከሙ ነበር።

ቁስሉ ገና ሳይጠና በሆስፒታሉ ግቢ ሶምሶማ ጀመረ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ፣ ተከታዩን ከ4 ደቂቃ በላይ በመቅደም፣ በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ለመሆን በቃ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩን ታሞ ስለነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋረጠ፤ ድሉንም የሙያ ጓዱ ማሞ ወልዴ ተረከበ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ያረፈው ይህ ወታደር፣ ጽናት ከሐኪም ምክር ጋር ሲጣመር የሚያፈራውን ፍሬ ለትውልድ አሳይቶ አልፏል።